ምላጭ ራሱን አይላጭም

ዓርብ 6

አልበሙ ዛሬ ወጣ። እኔ የሰማሁት እንደ ባዕድ ነው፤ ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ ስልኳ ላይ የወንድሜን ፎቶ ከፍታ አየሁ። ከፎቶው በላይ በቀይ ተጽፏል፦ «ያለ እርማት»።

እንዲህ ብሎ እንደሰየመው አልነገረኝም። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ስህተት የምለቅም አራሚ ነኝ። ቃሉም የእኔ ነው፣ ቀይ ቀለሙም የእኔ ነው። አንድ ፌርማታ ቀደም ብዬ ወረድኩ።

ይህን ደብተር ማንም ስለማያየው አንዴ በግልጽ ልጻፈው። ሰው ሁሉ «ምላጭ» ብሎ የሚያውቀው ራፐር ታናሽ ወንድሜ ነው። ያለፉት ሁለት አልበሞቹ፣ ወጣቱ በቃሉ የሚወጣቸው፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የተጻፉት በእኔ እጅ ነው። ይህን የምናውቀው እሱ፣ እኔና ባለ ስቱዲዮው ብቻ ነን። ምስጢር ይሁን ያልኩት ራሴ ነኝ። የግጥም መጽሐፍ አሳትማለሁ እያለ ወጣትነቱን የጨረሰ ሰው የራፕ ጸሐፊ ሆነ እንዲባል አልፈለግሁም። ስሜን እንዳያነሳ አስምዬዋለሁ። ቃሉን ጠብቋል።

ከስምንት ወር በፊት መጥቶ «ይሄኛውን እስቲ እኔ ልሞክረው» አለኝ። «ጥሩ ነው» አልኩት። ከዚህ ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።

ዛሬ ሁለት ዘፈን ሰማሁ። ወንድሜ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ይንተባተባል። በቃል የተጠና፣ ቤት የሚመታ ነገር ሲሆን ግን ምላሱ እንደ ውሃ ይፈሳል። እሱ ራፕ የጀመረው በዚህ ነው፣ እኔም መጻፍ የጀመርኩት ለዚህ ነው። አሁን ሁለተኛው ዘፈን ላይ «እናቴ» ለማለት ሦስት ጊዜ ይደናቀፋል፣ አልቆረጡትም። እንዳለ ትተውታል። ስንኞቹ ቤት አይመቱም፤ የሚመቱትም መሃል ላይ ይሰበራሉ። አሥር ዓመት የሸፈንኩለትን ነገር አውጥቶ አደባባይ ላይ አሰጣው።

ቀሪውን ነገ እሰማዋለሁ።

ቅዳሜ 7

ጸጉር ቤት ተራዬን ስጠብቅ ስለ አልበሙ ክርክር ተነሳ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የማን ወንድም እንደሆንኩ እዚያ የሚያውቅ የለም። ወንበሩ ላይ ያለው ባለ ታክሲ ግማሹ ላይ ሲደርስ እንዳጠፋው፣ ዘጠነኛው ዘፈን ላይማ ጭራሽ ግጥሙ ጠፍቶ ሙዚቃው ብቻውን እንደሚሄድ፣ ቀረጻው ተበላሽቶባቸው መሆን እንዳለበት አወራ። ጸጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጠፋና እሱ ራሱ ልጅ ሆኖ ይንተባተብ እንደነበር፣ ሁለተኛውን ዘፈን ከትናንት ጀምሮ ስንቴ እንደደጋገመው እንደማያውቅ ተናገረ። «አንተ የፈለግኸው ምላስ ነው፣ ልጁ ይዞ የመጣው ልቡን ነው» አለው።

«ልብ ካማረኝ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» አለ ባለ ታክሲው። ሁሉም ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። ትንሽ ሳላበዛው አልቀረሁም፤ ጸጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

ከሦስተኛው ዘፈን ጀምሬ እሰማለሁ ብዬ ስልኩን አነሳሁ። እማዬ ጠራችኝ። ነገ።

እሁድ 8

እማዬ ዓይኗን ከታከመች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ጠዋትና ማታ ጠብታ አደርግላታለሁ። ሐኪሙ አታልቅሽ፣ አትጎንበሺ፣ አትደንግጪ ብሏታል። «እናት ሆኖ የማይደነግጥ ካለ ያሳየኝ» ትላለች።

ወንድሜ እንደ ሁልጊዜው ለምሳ መጣ። ከስቱዲዮው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቶ ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም እሁድን አያጎድልም። እማዬ ጋደም እስክትል ጠብቆ ሰማኸው ወይ አለኝ። እየሰማሁት ነው አልኩ። ምን ያህሉን? ሥራ እንደበዛ፣ የመጽሐፍ ወቅት እንደሆነ ነገርኩት፤ ከዚያ ድምፁ ወፍራም ሆኗል፣ ከበሮው ቃላቱን ይውጣል አልኩ። ከሰማሁት ከሁለቱ ዘፈኖች ያወጣሁት እሱን ነው። ፈገግ አለ። ሳህኖቹን አጥቦ፣ እጁን በሱሪው አድርቆ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ።

«ዘ-ዘጠነኛውን ብቻ እንኳን ስማልኝ።»

እሺ አልኩት። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ስንኝ «እስቲ እየው» ብሎ ሳያሳየኝ አሁን ስማልኝ ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሦስት ወር በፊት፣ ለአንድ ሰዓት ስቱዲዮ ና ብሎኝ ነበር። አይመቸኝም አልኩት። ያን ቀን ምንም ሥራ አልነበረኝም፤ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ነው የዋልኩት። ቁምነገር ስላልሆነ መጻፉም አያስፈልግም ነበር።

ማክሰኞ 10

የሰባተኛ ክፍል የቋንቋ መጽሐፍ፣ ሁለተኛ እርማት። ሁለት መቶ አሥር ገጽ። አንገቴን ይዞኛል። ከራት በኋላ ስልኬ ላይ አንዳንድ ነገር ጻፍኩ። የሚመዘገብ አይደለም።

ሐሙስ 12

«አንድ አድማጭ» በሚል ስም አንድ ሰው የጻፈው ነገር ከትናንት ጀምሮ ስልክ ለስልክ ይዞራል። እንዲህ ይላል፦

«ምላጭ ራሱን አይላጭም። አሥር ዓመት ሌላ እጅ ይዞት ኖሮ፣ ዘንድሮ በራሱ ልሞክር ቢል ፊቱን ቆረጠ።»

ጠረዛ ክፍል ውስጥ ወረቀት የሚያጥፉት ሴቶች ሲያነቡት ሰማሁ። አንዷ ተነስታ እንደ ራፐር እጇን እያወናጨፈች አለችው፣ ሌሎቹ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። በአራሚ ዓይን ከታየ እንከን የለውም። አንድ ቃል ብታወጣ ይፈርሳል። እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው ችሎታ አለው፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ዓርብ 13

በጠዋት ሦስት ሺህ ሰው አጋርቶታል። በምሳ ሰዓት አምስት ሺህ አንድ መቶ። ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያየሁት።

ስድስት ሺህ።

እሁድ 15

ወንድሜ መጣ። ብዙም አልበላም። እማዬ ፊትህ ገርጥቷል፣ አትተኛም እንዴ አለችው። ከምሳ በኋላ ስልኩን አውጥቶ ያንን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ የተጻፈ ነገር ሲያነብ ብዙ አይደናቀፍም። ሰዎች ማን ነበር የሚጽፍለት እያሉ መጠየቅ እንደጀመሩ፣ የድሮዎቹ አልበሞች ሁሉ ውሸት ነበሩ ማለት ነው የሚሉም እንዳሉ ነገረኝ። ጽሑፉ በወጣ ማግስት ሰዉ በአንዴ እንደተገለበጠ፣ እስከዚያ ድረስ ግማሽ በግማሽ እንደነበር አወራኝ። እውነቱን ነው። እኔም አይቼዋለሁ፤ ረቡዕ ድረስ ሲያመሰግኑት የነበሩ ሐሙስ ላይ «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ይላሉ።

«ይሄን የጻፈ ሰው ያውቀኛል» አለ።

ኢንተርኔት ላይ ሁሉም አዋቂ ነው አልኩት። ሲያየኝ ቆየ። ከዚያ ተነስቶ እማዬን ግንባሯን ስሟት ሄደ።

ማክሰኞ 17

እትዬ ዛሬ ሥራ አቋርጠው አወሩኝ። እትዬ እኔ የታተመውን በዓይኔ ስከተል ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብለው የሚያነቡልኝ አንባቢ ናቸው፤ አሥራ አራት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠናል። ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ቀርቷቸዋል። የምላጭ ወንድም መሆኔን ያውቃሉ፣ የቀረውን አያውቁም። የልጃቸው ልጅ ስልካቸው ላይ አልበሙን ከኢንተርኔት ከፍታላቸው ሰምተውታል።

የድሮዎቹ ዘፈኖች ለእሳቸው እንደ እንቆቅልሽ ነበሩ፤ ሲሰሙ ጸሐፊውን ያደንቃሉ እንጂ ልጁን አያገኙትም ነበር። ይሄኛውን ግን እያንዳንዱን ቃል ተረድተውታል። ይህን ሁሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ በእርጋታ ነገሩኝ። «ዘጠነኛውን ስሰማማ አለቀስኩ፣ አንተን አየሁህ፤ ምን ዓይነት ወንድም ነው የሰጠህ» አሉኝ።

አዎ አልኩ። ገጽ ዘጠና አራት ላይ ነበርን አልኳቸው።

ማታ ስልኩን ይዤ ዘጠነኛው ላይ ጣቴን አድርጌ ተቀመጥሁ። እትዬ ካለቀሱበት እኔ ምን ልጨምር። ነገ በሰላም እሰማዋለሁ።

ሐሙስ 19

ሬዲዮ ቀረበ። በቀጥታ ስርጭት። እንዳትሄድ ልለው ነበር፣ ግን ምክንያቱን ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?

ጠረዛ ክፍል ሬዲዮውን ከፍተውት ስለነበር ቆሜ ሰማሁ። አቅራቢው ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው። ወንድሜ አንድ ቃል ላይ ሲያዝ እሱ ይጨርስለታል፤ የሚጨርስለት ቃል ደግሞ ሌላ ነው። ወንድሜ «ድ-ድ-» ሲል «ድፍረት» አለለት፤ ድካም ሊል እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ከዚያ ሁሉም የሚጠብቀው ጥያቄ መጣ፤ እነዚያን አሥር ዓመታት ማን ነበር የሚጽፍልህ?

ዝም አለ። እኔ ነኝ ቢል ያበቃ ነበር። ስሜን ቢጠራም ያበቃ ነበር። ሁለቱንም አላለም። ሬዲዮው የተበላሸ መስሏት አንዷ ሴት ተነስታ አንቴናውን ነካካችው። አቅራቢው ሳል ሳል ብሎ ሙዚቃ ከፈተ።

ያስማልኩት እኔ ነኝ። ቃሉን ስለጠበቀ ልቆጣው አልችልም። ቢሆንም ለምን ዝም ይላል? ለምን አንድ ነገር አይልም?

ዓርብ 20

የትናንቱን የሬዲዮ ዝምታ ቆርጠው ኢንተርኔት ላይ አውጥተውታል። አሥራ አራት ሰከንድ ነው። ከስሩ ጽፈዋል፦ «የምላጭ አዲሱ ምርጥ ዘፈን»።

እሁድ 22

አልመጣም። እማዬ ሳህኑን ከጠረጴዛው አላነሳችውም።

ከሰዓት በኋላ ባለ ስቱዲዮው ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ዛሬም አላደረገም። የፊታችን ቅዳሜ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ኮንሰርት አለ፣ የአልበሙ ማስተዋወቂያ። ከዚያ በፊት አንድ ቃል እንድል ለመነኝ። ግጥሞቹን እኔ ነኝ የጻፍኳቸው፣ ወንድሜ ምስጢሩን የጠበቀው እኔ ስለለመንኩት ነው፣ ይሄኛው ደግሞ የራሱ ነው በል አለኝ። «ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው የምጠይቅህ። ላንተ ምን አላት?»

አስብበታለሁ አልኩ።

እያሰብኩበት ነው። ከተናገርኩ፣ ያን ነገር የጻፈው ሰው ከየት አወቀ የሚለው ይከተላል። ሦስት ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነገር ማን አወጣው ይባላል። ለእኔ ብዬ አይደለም። እማዬ መደንገጥ የለባትም።

ማክሰኞ 24

ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ጽፌያለሁ። አስተካከልኳቸው። ሁለተኛው ረዘመ።

ሐሙስ 26

ሁለተኛውን ለሁለት ከፈልኩት። ነገ እለጥፈዋለሁ።

ዓርብ 27

ማሽን ተበላሽቶ ቆየን። ደክሞኛል። ጠዋት ይሻላል፣ ሰው የሚያነበው ጠዋት ነው።

ቅዳሜ 28

አልለጠፍኩም።

አዳራሹ ሄድኩ። ከኋላ፣ የእሳት ማጥፊያው የተሰቀለበት ምሰሶ ጋ ቆምኩ። ግማሹ ወንበር ባዶ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ትንሽ ሰው ካለ ትንሽ ያፍራል ብዬ። ከዚያ መግባት ጀመሩ። እየሳቁ ነው የሚገቡት። አጠገቤ የቆሙት ወጣቶች ኪስ ውስጥ የሆነ ነገር ይንኳኳል።

ወንድሜ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። በድሮ ዘፈን አልጀመረም። በድሮዎቹ ቢጀምር ይረጋጉ ነበር፣ የእኔን ግጥም ሰው አብሮ ይወጣዋል። እሱ በሁለተኛው ዘፈን ጀመረ፣ በእናታችን። «እናቴ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ እንደ ቀረጻው ተያዘ፤ የዛሬው ግን የእውነት ነበር፣ አላለቀም። ከፊት አንድ ሰው ጮኸ፦ «ምላጭ!» ከኋላ መለሱለት፦ «ራሱን አይላጭም!» ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተቀበለው፤ በጭብጨባ፣ በምት። ጥሩ ምት አለው። ሲጻፍ ለዚህ የተጻፈ ነው የሚመስለው።

ከዚያ መወርወር ጀመሩ። ሱቅ የሚሸጡት የፕላስቲክ ምላጮች ናቸው፣ ሰማያዊና ቢጫ፣ አንድ ጊዜ ተላጭተው የሚጥሏቸው። ክዳናቸው ስላልወለቀ ሰው አይቆርጡም። መድረኩ ላይ እንደ በረዶ ነጠሩ። አንዱ ግንባሩን መታው። አንድ ጥበቃ ሮጦ ሊያወጣው ሲመጣ ወንድሜ በእጁ ከለከለው። ማይኩን ማቆሚያው ላይ መለሰና ጎንበስ ብሎ መልቀም ጀመረ። አንድ በአንድ። ለቅሞ ለቅሞ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ አስገባ፣ ኪሱ ሲሞላ በእጁ ያዘ። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ የሚያደርገው ነገር ምን እንደሆነ ስላልገባቸው። አጠገቤ ያለው ወጣት «ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት።

ሲጨርስ ቀና ብሎ ወደ እኛ አየ። ከዚያ ወጣ።

ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች እኔም ኪስ ውስጥ ነበሩ።

ሰኞ 30

ወንድሜ ትናንት ወደ ቤት መጣ፤ ጓዳ ካለችው ትንሿ ክፍል ገብቶ አልወጣም። ጨርሶ አይናገርም። የሚፈልገውን በወረቀት ይጽፋል፤ ውሃ፣ አይ፣ አልራበኝም። እማዬ በሩ ላይ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች። ምላጮቹን መስኮቱ ላይ ደርድሯቸዋል።

«ግባና አናግረው እንጂ» አለችኝ። «አንተን እኮ ነው የሚሰማው። ታላቁ አይደለህ?»

ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ትራስ ይጨመርልህ ወይ አልኩት። አይ አለ በጭንቅላቱ። ወጣሁ።

ረቡዕ 2

ሰማሁት። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲወጣ ማሽኖቹ መሃል፣ ወረቀት ክምር ላይ ተቀምጬ።

ዘጠነኛው ዘፈን ትምህርት ቤት ሊመዘገብ ስለሄደበት ቀን ነው። መዝጋቢዋ ስሙን ትጠይቀዋለች፣ ስሙን ማውጣት ያቅተዋል፤ ከኋላ የቆመው ወንድሙ ይነግርለታል። በቀጥታ ነው የሚያወራው፣ ቅኔ የለው፣ ምን የለው። የወንድሙ እጅ ትከሻው ላይ ሞቃት እንደነበር ይናገራል። ረስቼው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፍ ሆነኸኝ ኖርክ ይላል፤ ባንተ አፍ አገር ሰማኝ፣ አንተን ግን ማንም አልሰማህም። ከዚያ ነው ይህች ስንኝ የምትመጣው፦

«ይ-ይሄ ቦታ ያንተ ነው፣ ወንድሜ። ተራህ ነው። እኔ ዝም ልበል።»

ከዚያ ምንም የለም። ከበሮው ብቻውን ይሄዳል፣ አንድ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያልቃል።

ለባለ ስቱዲዮው ደወልኩ። ለአንድ ሰዓት ና ያለኝ ቀን ለዚህ ነበር። የራሴን ግጥም፣ ያልታተመውን፣ በራሴ ድምፅ እንዳነብ። ባለ ስቱዲዮው ካልመጣስ ሲለው፣ ባዶውን ይቀመጥለት፣ አንድ ቀን ይመጣል ብሎታል። የአልበሙን ስም ያወጣው ምን ብሎ እንደሆነም ጠየቅሁት። አንድ ጊዜ እንኳ ወንድሜ እንዳለሁ ይየኝ ብሎ ነው አለኝ።

ይሄ ደብተር ነው። እዚህ ላይ እንኳ ስዞረው ከረምኩ። «አንድ ሰው» ብዬ ጻፍኩ፣ «ችሎታ አለው» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ። ማክሰኞ 10፣ ከራት በኋላ፣ ወጥ ቤት ቆሜ፣ እማዬ ሬዲዮ እየሰማች። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሁለት ቃል ቀይሬ እንደገና አነበብኩትና ደስ አለኝ። ከዓመታት በኋላ የጻፍኩት የመጀመሪያው ጥሩ ነገር መስሎኝ ደስ አለኝ።

ዓርብ 4

ነገርኩት።

መስኮቱ ጋ ቆሞ ወደ ውጭ ያይ ነበር። በሩን ዘጋሁና እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኩት። አልዞረም።

«አ-አውቃለሁ» አለ። ከቅዳሜ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

ከመቼ ጀምሮ አልኩት። ከመጀመሪያው ቀን አለ። ኢንተርኔት ላይ ሲሳደብ አራት ነጥብ የሚያደርግ ሰው አንተን ብቻ ነው የማውቀው አለኝ። ሊስቅ የፈለገ ይመስል ነበር፣ ወይም እኔ እንዲስቅ ፈልጌ ነው።

ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት። ይህን ለመመለስ ረጅም ጊዜ ወሰደበት፣ እዚህ እንደማስቀምጠው ቀጥ ብሎ አልወጣም። አንተው ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁ አለኝ። እሁድ ምሳ ላይ ጠበቅሁ። ሬዲዮ ላይ የጠየቁኝ ጊዜ፣ ምናልባት እየሰማ ይሆናል፣ አሁን ይደውላል ብዬ ጠበቅሁ።

«አዳራሹ ውስጥም አየሁህ» አለ። «ም-ምሰሶው ጋ።»

ይቅር በለኝ አልኩ። እሺ አለ፣ ቶሎ ብሎ፣ ውሃ አቀብለኝ ለሚል ሰው እሺ እንደሚባለው። ዘጠነኛውን መስማቴን ነገርኩት። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፣ እኔ እንደዚያ መጻፍ አልችልም አልኩት። እውነቴን ነው። ይህንን አልበሙ የወጣ ቀን ብለው ኖሮ። አንገቱን ነቀነቀ፣ ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

ቅዳሜ 5

ዛሬ በእውነተኛ ስሜ፣ ከነፎቶዬ ለጠፍኩት። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች፣ አራተኛም ጨምሬ፦ «አንድ አድማጭ» እኔ ነኝ።

እስከ ቀትር አሥራ ዘጠኝ ሰው አየው። አንዱ «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» አለ። ሌላው «የሰው ስም ይዞ መታወቅ የሚፈልገው በዛ» ብሎ ጻፈ። ያችን ስድብ ስድስት ሺህ ሰው ተሸክሟት ሮጠ፤ እውነቱን የሚገፋልኝ አንድ ሰው አጣሁ።

ወንድሜ ስልኩን ይዞ ከክፍሉ ወጣ። እማዬ በረንዳው ላይ ነበረች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጥፋው አለኝ። አላጠፋም፣ ቢያንስ ይህችን ላድርግልህ አልኩት።

«ጎረቤት አንብቦ ይነግራታል» አለ። ከዚያ ቆመ፣ ታገለ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ አለ፣ እኔም ጠበቅሁ። «እማዬ ያላት ሁ-ሁለት ልጅ ነው። አንዱን ይዛ ትቅር።»

አጠፋሁት። እያየኝ ነው ያጠፋሁት።

ሰኞ 7

ሄደ። የባለ ስቱዲዮው አጎት ሌላ ከተማ የሲሚንቶ መጋዘን አላቸው፤ እዚያ የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ሆኖ። ብዙ ማውራት የለበትም ብሎ ለእማዬ ነገራት። ሻንጣውን እኔ ልያዝ ብል አልከለከለኝም። አውቶቡሱ እስኪነሳ መናኸሪያው ውስጥ ጎን ለጎን ቆምን፤ ሰው ቢያየን ተራ ወንድማማቾች ነን። ሲሳፈር እጁን ሰጠኝ። ትከሻዬን አልነካም።

ማታ ባለ ስቱዲዮው ደወለ። አልበሙን በወንድሜ ጥያቄ ከሁሉም ቦታ አንስተውታል። ሁለቱ የድሮዎቹ ይቀመጣሉ፣ ሰው አሁንም ይሰማቸዋል። ከእንግዲህ ምላጭ ማን ነበር ብሎ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው እኔን ብቻ ነው። እሱ ራሱ የሠራው አንድ ሥራ፣ ጸጉር አስተካካዩ ሌሊት ተቀን የሰማው፣ እትዬ ያለቀሱበት፣ ሰላሳ አንድ ቀን ኖረ።

ረቡዕ 9

የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ገባ። እትዬ ወንድሜ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። ደህና ነው አልኩ። ስልካቸው ውስጥ ዘፈኖቹ የሉም፣ ሳላውቅ አጥፍቻቸው ይሆን እንዴ ብለው ተጨንቀዋል።

ሐሙስ 10

ዛሬ ጠዋት እማዬ ጠብታዋን ልትቀበል ትራሱ ላይ ጋደም እንዳለች፣ ልጄ ለምንድን ነው የሄደው አለችኝ። ሥራ አገኘ አልኳት።

«አትዋሸኝ። ዓይኔን እንጂ ጆሮዬን አልታከምኩም። የሆነ ሰው የሆነ ነገር ጽፎበታል አሉ።»

አዎ፣ አንድ ሰው ጽፎበታል አልኩ።

ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይታወቅም አልኩ። የዓይኗን ቆብ በግራ እጄ ይዣለሁ፣ ጠርሙሷ በቀኝ እጄ ናት።

«በዕድሜዬ ሰው ረግሜ አላውቅም» አለች። «ይሄን ግን የጻፈ እጁ ይድረቅ። የእናቱም ቤት እንደኔ ቤት ይጉደል።»

ጠብታውን ላደርግላት ስል እጄን ያዘችኝ።

«አሜን በል እንጂ።»

አሜን አልኩ። ጠብታው ዓይኗን ስቶ ጉንጯ ላይ ወረደ። በመሀረብ ጠረግሁላትና እንደገና አደረግሁላት፤ ቀኙ ላይ ሁለት፣ ግራው ላይ አንድ። እግዜር ይስጥህ ልጄ አለችኝ።